ያልሰመረ ስለት ይዤ ወደ ቁልቢ

ከመነሣታችን በፊት

ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለቱ የሰመረለት ነው፤ ልጅ አጥታ የነበረች ልጇን አዝላ፣ ታሞ የነበረ በእግሩ ቆሞ፣ ታስሮ የነበረ ተፈትቶ፣ የተሳለውን ይዞ በእልልታ ይሄዳል። እኔ ባለፈው ታኅሣሥ የሄድኩት ግን የለመንኩት ሳይሆንልኝ ነው።

ባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ ሦስት ዓመት በእጥበት ኖሯል። ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያስፈልገዋል ቢሉም አቅማችን የፈቀደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ለዚያውም መኪናችንን ሸጠን፣ ዕቁቤን አስቀድሜ ወስጄ፣ ዕድርተኛውና የሥራ ባልደረቦቹ አዋጥተውልን ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ ባደረበት አንድ ሌሊት፣ ባለቤቴ ከዳነልኝ እርሱ ራሱ በእጁ ይዞት የሚገባ ድባብ ጥላ ላመጣ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳልኩ። ልቤ ስለቸኮለ ጥላውን ወዲያው አሠራሁት፤ ሐምራዊ ከፋይ ነው፣ ዳሩ በወርቅማ ዘርፍ የተከበበ። ባለፈው ሰኔ ባለቤቴ ዐረፈ። ጥላው በቁም ሣጥኑ ውስጥ ከኮቶቹ አጠገብ ተደግፎ ቀረ፤ ልብሶቹን ለችግረኛ ልስጥ ብዬ ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እርሱ ላይ ስለሚያርፍ መልሼ እዘጋው ነበር።

በኅዳር ወር ጉዳዩን ለነፍስ አባቴ አማከርኩ። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ የጠየቅሽው ስላልተደረገ የስለት ዕዳ የለብሽም፤ በዚህ ኅሊናሽ አይጨነቅ። ብትሰጪ ግን የሚከለክልሽ የለም፤ ያን ጊዜ ስለት መሆኑ ቀርቶ መባ ይሆናል» አሉኝ። ዕዳ እንደሌለብኝ ስሰማ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን አልቀለለኝም። ለካስ የከበደኝ ዕዳው ሳይሆን ከእግዚአብሔር ጋር ከሰኔ ጀምሮ አለመነጋገሬ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፣ እጾም ነበር፣ አፌ ግን ከጸሎት መጽሐፉ ሌላ አንዲት ቃል አላወጣም።

ጉዞውን የቆረጡት አማቴ ናቸው። ባለቤቴ የእርሳቸው የስለት ልጅ ነው፤ ሰባት ዓመት ልጅ አጥተው ከቆዩ በኋላ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው ያገኙት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይም የስምንት ወር ሕፃን ሳለ አዝለውት ሄደው ስለታቸውን ያደረሱበት ልጅ። «ሲሰጠኝ ሄጃለሁ፤ ሲወስደው ብቀር ደግ አይደለም» አሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ከዚያ በኋላ አልሄድም ማለት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 16፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ

ከአንድ የጉዞ ማኅበር ጋር ለደርሶ መልስ በነፍስ ወከፍ 2,800 ብር ከፍለን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በመለስተኛ አውቶቡስ ተነሣን። ልጄን ፈተና ስለነበረበት እኅቴ ዘንድ ተውኩት። ጥላው ረጅም በመሆኑ ጣሪያ ላይ ይታሰር ቢባልም እሺ አላልኩም፤ በመቀመጫዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ተጋደመና ተሳፋሪው ሁሉ እየተሻገረው ገባ። ማንም አላጉረመረመም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ጎንበስ ብለው ዘርፉን እየነኩ ይሳለሙት ነበር። «ስለትሽ ሰመረ? እንኳን ደስ ያለሽ» ያለችኝ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ናት። መልስ ስላጣሁ አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ። ይህ ጥያቄ እንደሚጠብቀኝ ቀድሜ አለማሰቤ አሁን ያስገርመኛል።

እስከ አዳማ ያለው የክፍያ መንገድ የተመቸ ነው። መተሐራ ላይ የፈንታሌ ተራራ በግራ ታየ፤ መንገዱም የበሰቃን ሐይቅ ሰንጥቆ ያልፋል። ይህ ሐይቅ ካለፉት በርካታ አሠርት ዓመታት ወዲህ እየሰፋ የግጦሽና የእርሻ መሬት የዋጠ፣ መንገዱንም ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ ያስገደደ ውኃ ነው። አማቴ በመስኮቱ እያዩ፣ «ያኔ በባቡር ሳልፍ እንዲህ ሰፊ አልነበረም» አሉ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለምሳ ቆምን። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሁሉም ያዘዘው የጾም በያይነቱ ነው፤ 180 ብር ከፈልን። ሽሮው ቤቴ ከለመድኩት የቀጠነ፣ በርበሬው ግን የበረታ ነበር፤ ከሙቀቱ ጋር ተደርቦ አማቴን ስላስቸገራቸው በሙዝና በዳቦ አለፉት።

አሰቦትን ስናልፍ ገዳሙ ወዳለበት ተራራ ሁሉም ዞሮ አማተበ። ችግሩ የደረሰው ከሚኤሶ በኋላ፣ ወደ ጭሮ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ነው። ሞተሩ ፈልቶ መኪናው ቆመ። ረዳቱ ውኃ ፍለጋ ወርዶ፣ የአካባቢው ልጆች በቢጫ ጀሪካን እየሞሉ አንዱን በ30 ብር ሸጡለት፤ ጥገናው ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደ። በዚህ መካከል አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ያወጣውን የተቀባ መፍቻ ሳያስተውል በጥላው ላይ አስቀመጠው። ባየሁት ጊዜ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ በከፋዩ ላይ ተዘርግቷል። ሰውየው ደንግጦ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በባለቤቴ ቀብር ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ስድስት ወር ሙሉ ሣጥን ውስጥ አቧራ ሳይነካው የቆየ ነገር፣ በመጨረሻው ቀን መበላሸቱ፣ የራሴን ታሪክ ነው የመሰለኝ፤ ሦስት ዓመት ተንከባክቤው ያጣሁትን።

ጭሮ የደረስነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ለሁለት ሰው 600 ብር በከፈልንበት ክፍል ውስጥ አማቴ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ አስመጥተው፣ ጥላውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እስከ አራት ሰዓት ሲያሹት አመሹ። ነጠብጣቡ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። «ይበቃዋል» አሉና ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተኙ።

ታኅሣሥ 17፤ ከጭሮ እስከ ቁልቢ

ከጭሮ በኋላ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በሸለቆው ሁሉ የማሽላና የጫት ማሳ በእርከን ላይ እርከን ሆኖ ይታያል። ሂርናን አልፈን ጨለንቆ ስንቃረብ የእግረኛው ብዛት መኪናውን አዘገየው። ዝናብ መከላከያ ላስቲክ የተሸከሙ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ፣ በትከሻቸው ድንጋይ የያዙ ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ይጎርፋሉ። መኪናችን ከከተማው ቀደም ብሎ እንዲቆም ስለታዘዘ የቀረውን እኛም በእግር ሄድን። እኔ ጥላውን ተሸክሜ፣ አማቴ በትራቸውንና የእኔን ክንድ ይዘው፣ አንድ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ በሦስት ሰዓት ጨረስነው።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሁሉም የሰመረለት አልነበረም። ከጎናችን ይሄድ የነበረ አንድ ጎልማሳ ለዓይነ ስውር ልጁ ሊለምን ለአራተኛ ጊዜ የሚመጣ መሆኑን ነገረን፤ ልጁ እጁን ይዞት እየሄደ መዝሙር ያዜማል። አንዲት እናት ደግሞ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባትን ልጇን ፎቶግራፍ በደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛለች። ከሩቅ ሆኖ በእልልታ ብቻ የሚታወቀው ይህ ጉዞ፣ ቀርበው ሲያዩት እኩሌታው ገና እየጠበቀ ያለ ሰው ነው።

ማኅበሩ ያዘልንን ማደሪያ ስናገኘው ሰው ሞልቶበት ነበር። የተከፈለበት ቦታ ለሌላ መሰጠቱ ቢያናድደኝም በዚያ ሰዓት የሚከራከሩት ሰው አልነበረም። ያስጠጉን ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚገኝ የጭቃ ቤት የሚኖሩ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ናቸው። ለአንድ ሰው በሌሊት 200 ብር ተስማምተን፣ ሳር በተጎዘጎዘበትና ምንጣፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር አደርን። ከቡና ገለባ የሚፈላ ሆጃ አመጡልን፤ ጾም መሆኑን ስለሚያውቁ ወተት ያልነካውን ለብቻ አፍልተው ነበር። ከማሽላ እንጀራና ከድንች ወጥ ጋር ቀመስነው። የማሽላው እንጀራ ከጤፉ ይከብዳል፤ ለመንገደኛ ግን ጥሩ ነው፣ እስከ ማግስቱ አላራበኝም።

ባለቤቲቱ አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ አማቴም ኦሮምኛ አይችሉም። ቢሆንም ሁለቱ እሳቱ ዳር ተቀምጠው እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ። ሴትዮዋ በጣታቸው ወደ ምሥራቅ እያመለከቱ «የመን፣ ባሕር» ይላሉ፤ አማቴ ደግሞ ወገባቸውን እየነኩ ኩላሊትን ያሳያሉ። ሁለት እናቶች የየልጃቸውን አሟሟት በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ ተጋድሜ አየሁ።

ታኅሣሥ 18፤ ዋዜማ

ቁልቢ ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ አዋሽ ላይ ያወለቅነውን ሹራብ ሁለት ደርበን እንኳ ጠዋት ጣታችን ደንዝዞ ነበር። የአንድ ሊትር ውኃ 40 ብር፣ አንድ እስር ጧፍ ደግሞ 50 ብር ይሸጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ራስ መኮንን ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ስለታቸውን ለማድረስ እንዳሠሩት ይነገራል፤ የቦታው ልማድ ከመሠረቱ ስለት ነው። ግቢው ከጠዋቱ ጀምሮ በድንኳንና በሰው ተሞልቷል።

በማታው ጉባኤ አንድ መምህር ስለ ሠለስቱ ደቂቅ አስተማሩ፤ ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያወጣበት መታሰቢያ ነውና። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ጆሮዬ የሚጠብቀው መልአኩ የሚወርድበትን ክፍል ነበር። መምህሩ በዚያ ምሽት የቆሙት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ቁጥር 17 እና 18 ላይ። ሦስቱ ወጣቶች በንጉሡ ፊት አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ፣ «ባያድነንም» አሉ፤ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም። ይህን ሲሉ ወደ እሳቱ እንደሚጣሉ እንጂ መልአኩ እንደሚወርድ የነገራቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ለባለቤቴ መልአክ አልወረደም ብዬ ስድስት ወር ተቀይሜያለሁ። በእሳቱ አልተቃጠልንም ማለት አልችልም፤ ተቃጥለናል፤ ባለቤቴ በመጨረሻው ወር ከዐርባ አምስት ኪሎ አይበልጥም ነበር። ነገር ግን እርሱ በእጥበቱ አልጋ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ በቱቦ ታስሮ ሳለ ዳዊቱን ከፍቶ ይደግም እንደነበር፣ ጎኑ ለተኛው ወጣትም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለት እንደነበር አስታወስኩ። ያ ወጣት ክርስቲያን አልነበረም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን አንብብልኝ ይለው ነበር። አንድ ቀን፣ «ባልድንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ባልድንም እግዚአብሔር ያው ነው» አለኝና ገጹን ገለጠ። ያን ጊዜ ተስፋ የቆረጠ መስሎኝ ተቆጥቼው ነበር። ባለቤቴ ከሦስቱ ወጣቶች ጋር አንድ ቃል እንደተናገረ የገባኝ፣ ከሞተ ከስድስት ወር በኋላ፣ በብርድ ተቆራምጄ ቁልቢ ሜዳ ላይ ተቀምጬ ነው።

ቀና ስል አማቴ ከጎኔ የሉም። ስልካቸውን ቤት ትተውታል፣ ሕዝቡም እንደ ባሕር ነው። በድምፅ ማጉያ እንዲጠሩልኝ አስመዘገብኩ፤ የጠፉ ሰዎች ስም ብዙ ስለነበር ተራው እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። መልስ የለም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር፣ የማኅሌቱ ከበሮና ጸናጽል በቅርብ ከሚሰማበት ቦታ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አገኘኋቸው። በጭናቸው ላይ ሕፃን ልጅ ተኝቷል። የልጁ እናት፣ ልጇን ለክርስትና ልታስነሣው ከጅማ የመጣች፣ ለሁለት ቀን እንቅልፍ ስላላየች አጠገባቸው ተዘርግታ ተኝታለች። «ትንሽ ልያዝልሽ ብያት ነው፤ ልነሣ ስል ይነቃል» አሉኝ። ተናድጄ ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ ግን ምንም አልተናገርኩም። አጠገባቸው ተቀምጬ እስኪነጋ ድረስ ሦስታችንንም በአንድ ብርድ ልብስ ሸፈንኩ።

ታኅሣሥ 19፤ የክብረ በዓሉ ዕለት

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር የሕዝቡ ድምፅ ምድሩን አንቀጠቀጠው። መባና ስለት በሚቀበሉበት ድንኳን ፊት ግን ሌላ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ጥላ፣ ምንጣፍ፣ ሻማ፣ የወርቅ ቀለበት፣ የታሰረ በግ የያዘ ሰው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ሰጪው ስለቱን ሲናገር ከኋላው ያለው ሰልፈኛ እልል ይላል።

ተራዬ ሲደርስ ወጣቱ ዲያቆን ቀና ሳይል፣ «ስለትዎ ምን ነበር? ሰመረልዎ?» አለኝ። ለአራት ቀን በአንገት ንቅነቃ ያለፍኩት ጥያቄ ነው። «የባለቤቴ ጤና ነበር፤ አልሰመረም፣ ዐርፏል። ጥላውን ግን አምጥቻለሁ» አልኩት። ከኋላዬ ለእልልታ የተዘጋጀው አፍ ሁሉ ዝም አለ። ዲያቆኑ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣና ጥላውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ነጠብጣቡን አይቷል፣ ግን ምንም አላለም። ከዚያ የባለቤቴን የክርስትና ስም ጠየቀኝና፣ በጸሎት እንዲታሰብ በሌላ መዝገብ ላይ ጻፈው።

በዚህ ጊዜ ነው አማቴ እልል ያሉት። ብቻቸውን፣ በቀጭን የሽማግሌ ድምፅ፣ ሦስት ጊዜ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ በቤታችን እልልታ ተሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ የተከተለቻቸው ፎቶግራፍ በደረቷ የያዘችው ያች የመንገድ ሴት ናት፤ ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ተቀበላት።

ታኅሣሥ 20፤ ድሬዳዋ

ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሄደ፤ ድሬዳዋ ስንደርስ ሹራቡ ሁሉ ወልቋል። ከተማዋ ለዓይን ታሳርፋለች፤ በከዚራ ሰፈር ዛፎቹ መንገዱን አጥልተውበታል፣ ባጃጁም 60 ብር ብቻ አስከፈለን። አማቴ ከቀፊራ ገበያ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ከገዙ በኋላ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ማየት ፈለጉ። ከሕፃኑ ጋር የወረዱት እዚያ ነው፤ ከዚያ በጭነት መኪና እስከ ደንገጎ፣ ከደንገጎ በእግር።

ዘበኛው እንዳንገባ ቢከለክለንም ከበሩ አጠገብ ጥላ ሥር ወንበር ሰጣቸው። አማቴ ብርቱካን እየላጡ፣ ከአዋሽ ጀምሮ ልጁ በጥማት አልቅሶ እንደነበር፣ አንድ የማያውቁት ወታደር ከኮዳው ውኃ በጣቱ እያነካ አፉን እንዳረጠበለት ነገሩኝ። በትዳር ባሳለፍኩት ዓመት ሁሉ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ያን ወታደር ዛሬም በጸሎቴ አስበዋለሁ፤ ስሙን ስለማላውቀው ኮዳው ነው የምለው» አሉ። እኔም በዚያ ምሽት፣ በማረፊያችን፣ ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ሳልይዝ ጸለይኩ። ረጅም አልነበረም፤ ግማሹም ቅሬታ ነበር።

ታኅሣሥ 22፤ ቤት

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ማታ ገባን። ታኅሣሥ 22 ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ጥላው የቆመበት ጥግ ባዶ ነው። ኮቶቹንና ሱሪዎቹን አጣጥፌ በሁለት ሻንጣ አደረግሁና ለሰበካችን የበጎ አድራጎት ክፍል ላክሁ። ግራጫውን ኮት ብቻ ለልጃችን አስቀረሁት። ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ፤ እጅጌው ገና ይረዝመዋል።